እሬት ለጀርመን ለመሸጥ ደንገጎ ተራራ የወጣሁበት ጉዞ

ከሁሉ በፊት ሒሳቡን ልናገር። ይህ ጉዞና ጉዞው ያስከተለው ጣጣ በጠቅላላው ሦስት ሺህ አንድ መቶ ስልሳ ብር አስወጥቶኛል። በውስጡ የባቡር ቲኬት፣ የመኪና ኪራይ፣ ሲሚንቶ፣ የአውሮፕላን ጭነትና አንድ ጥንድ ጫማ አለበት። ሲሚንቶው ለምን እንደሆነ ስንደርስበት ታዩታላችሁ። ጫማው ግን በፒያሳ ጫማ ተራራ ለሚወጣ ሰው የሚገባው ቅጣት ነው።

ሱቄ ፒያሳ ነው፤ ከወርቅ ቤቶቹ ተርታ ትንሽ ገባ ብሎ። ሰም፣ ቅመማ ቅመምና የቀንድ ሥራ እሸጣለሁ። የደርግን ጊዜ የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ፤ የግል ነጋዴ ማለት በቀበሌ ስብሰባ ስሙ ሳይነሣ ሲቀር ደስ ብሎት ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ነበር። እኔ ከዚህ ሌላ ዕቃ ወደ ውጭ አገር የመላክ ፈቃድ ነበረኝ። ፈቃዱ የሚታደሰው ግን በዓመቱ ውስጥ የውጭ ምንዛሪ ላስገባ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ሰም የሚገዛኝ ጠፍቶ አንዲት ሳንቲም ሳላስገባ ግማሹ አለፈ። ፈቃዱን ከነጠቁኝ የሚቀረኝ በርበሬ በማንኪያ እየሰፈሩ መቸርቸር ነው።

ተስፋ የሰጠኝ በሱቄ ደጃፍ በዘይት ጣሳ የተተከለ እሬት ነው። ድሬዳዋ ያለው ወዳጄና ደላላዬ ዩሱፍ ከሐረርጌ ተራሮች ያመጣልኝ ነው፤ ቅጠሉ አጭርና ወፍራም፣ ጠርዙ ቀይ ጥርስ ያወጣ። አንድ ጀርመናዊ አገር ጎብኚ ቀንድ ሊገዛ መጥቶ፣ ቀንዱን ትቶ ጣሳው ፊት ተንበረከከ። በአገሩ ችግኝ እያፈላ የሚሸጥ ሰው ኖሯል። መቶ ሃያ እንድልክለት ጠይቆ ዋጋውን ሲነግረኝ ፊቴ እንዳይበራ የሃያ ዓመት የንግድ ልምዴን በሙሉ ተጠቀምሁበት።

ለናሙና አንድ ደርዘን ላክሁለት። ደርዘኑ እዚያው አገር አውሮፕላን ማረፊያ ተያዘ። ሰውየው በደብዳቤ እንዳስረዳኝ፣ እየጠፉ ያሉ የዱር ተክሎችና እንስሳት ከአገር ወደ አገር ሲሸጡ የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፤ እሬትም ከነወገኖቹ በዚያ ስምምነት ውስጥ ገብቷል። አገራችን ስምምነቱን ገና ባትፈርምም የእነሱ ጉምሩክ ከእኛ ዘንድ ተመጣጣኝ ወረቀት ይፈልጋል። ወረቀቱ ላይ የመንግሥት ማኅተም ያስፈልጋል፤ ከማኅተሙ በፊት ግን አንድ የሳይንስ ሰው ተክሉን አጥንቶ፣ ይህን ያህል ቢነሣ ዘሩ አይጎዳም ብሎ መምከር አለበት። ያለ ዐዋቂው ቃል ማኅተሙ አይመታም። እኔ በዕድሜዬ ማኅተም የያዘ ሰው ሌላውን ሲጠይቅ አይቼ ስለማላውቅ ደብዳቤውን ደግሜ አነበብሁት።

እንዲህ ያለው ዐዋቂ የት ይገኛል ብዬ ሳጠያይቅ የደረቁ ተክሎች ለጥናት ወደሚቀመጡበት ቤት መሩኝ። ኃላፊዋ ዶክተር አስቴር ይባላሉ፤ አርባ ዓመት የሞላቸው፣ ነገር የማያስረዝሙ ሴት ናቸው። ጣሳዬን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ምክሩን እንዲጽፉልኝ ለመንሁ።

«እጽፋለሁ» አሉኝ። «ሳላይ ግን አልጽፍም።»

«ይኸው እያዩት አይደል?»

«እኔን የሚጠይቁኝ ጣሳ ውስጥ ስላለው አይደለም፤ ተራራው ላይ ስላለው ነው። የእኔን የመንገድ ወጪ መሥሪያ ቤቴ ይችላል፤ እርስዎ መኪና ያዘጋጁ።»

ከፒያሳ ወደ ለገሃር

በመሄጃዬ ማለዳ ቡና ቤቱ ባንኮኒ ላይ ተደግፌ ማኪያቶዬን ስጠጣ ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው ወርቁ ሻንጣዬን አየው።

«ወዴት ነው?»

«ድሬዳዋ። እሬት ፍለጋ።»

ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርጎ ጆሮዬ ሥር ተጠጋ። «ምሬት ፍለጋ ይህን ያህል ምን አስኬደህ? እሑድ እዚሁ ቀበሌ ስብሰባ አለልህ።»

ሒሳቡን እሱ ላይ ጥዬበት ወጣሁ። ለእንዲህ ያለ ፉገራ ሃምሳ ሳንቲም አይበዛም።

ለገሃር ስደርስ ዶክተር አስቴር ቀድመውኝ ነበር። ከሻንጣቸው ሌላ የተጠቀለለ ገመድና በቀበቶ የታሰሩ ሁለት የእንጨት መደቦች ይዘዋል፤ በመደቦቹ መካከል አሮጌ ጋዜጣ ተነባብሯል። ተክል እየተጫነ የሚደርቅበት ዕቃ ነው አሉኝ። እኔም በበኩሌ ንግድ የሚፈልገውን ይዤ ነበርና አንድ ቆርቆሮ የጎጃም ማር ወደ እሳቸው ገፋ አደረግሁ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደል፣ ለመንገድ የሚሆን ትንሽ ማር ናት።»

«ለመንገድ ከሆነማ መንገደኛው ሁሉ ይብላው» ብለው ከፈቱት። ዳቦ ያለው ዳቦ አወጣ። ናዝሬት ሳንደርስ ማሬ ለማላውቃቸው ሰዎች ታድሎ፣ አንዲት ባልቴት ልጅዎ ትባረክ ብለው መረቁኝ። ሴት ልጅ የለኝም። ዶክተሯን መሆኑ ነው።

ናዝሬት ላይ ብርቱካን ገዛን፤ አምስቱ በአንድ ብር። መተሐራን ስናልፍ ሐዲዱ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል ይሄዳል፤ የመተሐራ ሐይቅ በስተቀኝ ደፍርሶ ተኝቷል። አዋሽ ጣቢያ ላይ የተቀቀለ እንቁላል በጨውና በሚጥሚጣ በላን። ከአዋሽ ወዲያ ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ እንደ ተሳፋሪ አጠገባችን ተቀመጠ። እኔ ኮቴን ሳወልቅ ዶክተሯ በመስኮት ያዩትን ቁጥቋጦ ሁሉ በስሙ ይጠሩ ነበር። ሰው ዘመዶቹ ሰፈር ሲደርስ እንዲህ ነው።

ድሬዳዋና ኬላው

ዩሱፍ ሽርጡን አገልድሞ ከነላንድሮቨሩ ጠበቀን። ኪራዩ በቀን ሰማንያ ብር፣ ነዳጅ በእኔ። በማግስቱ ማለዳ ፈጢራ በማርና በእንቁላል በልተን፣ ሻይ በወተት ጠጥተን ወደ ደንገጎ ዳገት ተነሣን።

ኬላው ላይ የተሰለፈ መኪና ብዙ ነበር። ጠባቂው የይለፍ ወረቀታችንን አይቶ ሊሸኘን ሲል የእንጨት መደቦቹን አየ። አስፈታቸው። ዶክተሯ ጠዋት ከመንገድ ዳር የቆረጡት አንድ ወፍራም ቅጠል በጋዜጣው ፊት ገጽ ላይ ተጋድሟል፤ ውኃው ፈስሶ፣ በገጹ ላይ የነበረውን የባለሥልጣን ፎቶግራፍ ከግንባሩ እስከ አገጩ አጨማልቆታል። ጠባቂው ፎቶውን አየ፣ ዶክተሯን አየ።

«ይህን ማን ነው ያደረገው?»

ዶክተሯ ስለ ተክል ማድረቅ ሊያስረዱ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኋቸው። «ጓድ፣ መንግሥት የላካቸው ተመራማሪ ናቸው። በአገራችን ያለውን ሀብት ሁሉ እየመዘገቡ ነው። ይህ ቅጠል በጋዜጣው ላይ ያረፈው ለክብሩ ነው፤ ሌላው ገጽ አይመጥነውም ብለው።»

ጠባቂው መደቦቹን ራሱ መልሶ አሰራቸው። እያሾፍሁ እንደሆነ ቢያውቅም እንዲህ ነው ብሎ መጻፍ አልቻለም። «እለፉ» አለ። መኪናው ከተነሣ በኋላ ዶክተር አስቴር ጋዜጦቹን አንድ በአንድ ገልብጠው ተክሎቻቸውን ሁሉ ወደ ስፖርት ገጽ አዛወሩ።

ኮረብታው ላይ

ዩሱፍ የመጀመሪያውን ደርዘን ያነሣበት ኮረብታ ድንጋያማ ነው። ዶክተሯ ገመዳቸውን ከላይ እስከ ታች ዘረጉና እየተራመዱ ከግራና ከቀኝ ያለውን እሬት ሁሉ መቁጠር ጀመሩ። ቀጥሎ ገመዱን ወደ ጎን አዛወሩ፤ እንደገና ቆጠሩ። ዩሱፍ ገመድ ያዥ ሆነ፤ እኔ ጥላ ያዥ። ጥላው ለእኔ ነበር። የቀኝ ጫማዬ ተረከዝ የተገነጠለው እዚህ ላይ ነው።

እኔ ባይኔ ስገምተው ኮረብታው ሙሉ ነበር። መቶ ሃያ አይደለም ሦስት መቶ ይወጣዋል ብዬ በልቤ ሁለተኛ ትእዛዝ እቀበል ነበር። ከቀትር በኋላ ዶክተሯ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ውኃ ጠጡና፣ «ከዚህ የሚነሣው ዜሮ ነው» አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ አትክልት ተራ ያደግሁ ሰው ነኝ። እዚያ መጀመሪያ የሚጠራ ቁጥር ውሳኔ አይደለም፣ ሰላምታ ነው። ስለዚህ እንደ ወጉ መለስሁ።

«ሰማንያ።»

«ምን ሰማንያ?»

«ሰማንያ ልውሰድ፤ አርባውን ለተራራው ልተውለት።»

«አቶ በላቸው፣ ዜሮ ነው ያልኩት።»

«ሃምሳ። ለእርስዎ ስል።»

«ዜሮ።»

«እሺ ሃያ፣ አንላቀቅም እንዴ?»

ዶክተሯ ጠርሙሳቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄ የመነሻ ዋጋ አይደለም። ይምጡ ላሳይዎት።» እጄን ይዘው ከአንዱ እሬት ወደ ሌላው ወሰዱኝ። ሁሉም ትልልቅ ነው፣ ሁሉም አሮጌ። «ልጅ የታል? አንድ ልጅ ያሳዩኝ። ያለው ሽማግሌ ብቻ ነው። ከብቱ ይረግጠዋል፣ አፈሩን ጎርፍ ወስዶታል፤ ከዘር የሚበቅል የለም። ሽማግሌዎቹን ከነቀልናቸው ኮረብታው ላይ የሚተካቸው የለም።»

ፈለግሁ። ከልቤ ፈለግሁ፤ ልጅ ቢገኝ የንግድ ፈቃዴ ይተርፋልና። አንድም አጣሁ። ሱቅ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ብቻ ተደርድሮ መጋዘኑ ባዶ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም። የጫማዬን ተረከዝ በእጄ ይዤ ወደ መኪናው ወረድሁ።

መቃብሩ ዘንድ

ቁልቁል ስንወርድ ዶክተሯ «አቁም» አሉ። ከመንገዱ በታች የሙስሊሞች መቃብር ነበር። በእያንዳንዱ መቃብር ራስጌ እሬት ተተክሏል፤ ወፍራም፣ ቀይ ጥርስ ያለው፣ በዙሪያው ልጆቹን ያቀፈ። መቶዎች ናቸው። የእኔ እግር ከዶክተሯ ቀደመ።

መቃብሩን የሚጠብቁት ሼክ አብዱላሂ የሚባሉ አዛውንት ከዛፍ ሥር ተነሥተው መጡ። ዩሱፍ በኦሮምኛ ሰላምታ አቀረበ፤ እሬቱን እነሱ ሀርጊሳ ይሉታል። እኔ ደግሞ ጊዜ ማባከን አልወድምና በዩሱፍ በኩል ለእያንዳንዱ ሁለት ብር እሰጣለሁ አልሁ።

ዩሱፍ አልተረጎመውም። «ጋሼ፣ ይህን እኔ አልናገርም» አለኝ። ሼኩ ግን አማርኛ ያውቁ ኖሯል።

«ነጋዴ ነህ?»

«አዎ አባቴ።»

«አባትህ የት ተቀበሩ?»

«ጴጥሮስ ወጳውሎስ።»

«እኔ አዲስ አበባ መጥቼ፣ በአባትህ መቃብር ላይ ያለውን መስቀል በሁለት ብር ስጠኝ ብልህ ምን ትለኛለህ?»

ኮፍያዬን አውልቄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሼኩም «ዋጋውን እንኳ አሳንሰኸዋል» አሉና ሳቁ። ከዚያ በኋላ ተቀመጥን። ሀርጊሳ ውኃ ባያገኝም ስለማይሞት፣ ለሙታኑ ከሕያዋን የሚሰጣቸው ለምለም ነገር እሱ ብቻ እንደሆነ ነገሩን።

ዶክተር አስቴር እስከዚያ ድረስ መቃብሩን ሳይሆን ዙሪያውን ያዩ ነበር። «አባ፣ ልጆቹ ሲበዙ መቃብሩን አይሸፍኑትም?»

«ይሸፍኑታል። ረመዳን ሳይገባ ቤተሰቡ ሁሉ መጥቶ መቃብሩን ይጠርጋል፤ የበዛውን ይነቅላል።»

«የተነቀለውን ምን ታደርጉታላችሁ?»

ሼኩ በአገጫቸው ወደ ፈረሰው አጥር ጠቆሙ። «እዚያ ወዲያ እንጥለዋለን።»

ዶክተሯ አጥሩን ተሻግረው ወደ ገደሉ ወረዱ። ተከተልናቸው። የየዓመቱ ጥራጊ ሥር ሰዶ ገደሉን ሞልቶታል፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ አንዱ በአንዱ ላይ። ኮረብታው ላይ አንድ ያጣሁት ልጅ እዚህ መርገጫ አሳጣን። ዶክተሯ ገመዳቸውን ዘረጉ። እኔም ጥላዬን ጣልሁና ሳልጠየቅ ጫፉን ያዝሁ።

ቆጥረው ሲጨርሱ ዋጋ አልጠራሁም። «ስንት?» ብቻ አልሁ።

«ቁጥሩ ይበቃዎታል። ግን የኮረብታውና የመቃብሩ ተክል አንድ ዓይነት መሆኑን ገና አላውቅም። ቅጠል ይመሳሰላል። የተለያየ ከሆነ የምጽፈው ምክር የሌላ ተክል ምክር ይሆናል።» ኮረብታው ላይ ከቆረጡት አገዳ ሌላ ከጥራጊውም ደርቆ የቆመውን የአበባ አገዳ ከነፍሬው ቆርጠው በስፖርት ገጽ ላይ አስተኙት።

ሼኩ ጥራጊውን እንድንወስድ ፈቀዱ፤ ከመቃብሩ ላይ ግን አንዲት ቅጠል እንዳትነካ፣ ገንዘብም እንደማይቀበሉ ነገሩኝ። ደስ አለኝ። ቀጥለው የፈረሰውን አጥር አሳዩኝ። «ጥራጊው የአላህ ነው። አጥሩ ግን የሲሚንቶ ነው።» ስድስት ከረጢት ተስማማን። ከአራት ነበር የጀመርሁት፤ ሼኩ ከስድስት ጀምረው ስድስት ላይ ጨረሱ። በዚያ ቀን ያገኘኋቸው ሁለተኛው ቁጥር የማይለውጡ ሰው ናቸው።

ወደ ፒያሳ

በባቡር ተመለስን። ዶክተሯ የእንጨት መደባቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መጡ። እኔ በዩሱፍ ነጠላ ጫማ።

ፒያሳ ገብቼ የዶክተሯን ቃል ስጠብቅ የሱቄን መዝጊያ በየቀኑ ቀድሜ ዘጋሁ፤ ሰው ሁሉ ስለ እሬቱ ይጠይቀኛልና። ወርቁ በመስኮቱ አሻግሮ «ሙሽራው፣ ሽማግሌዎቹ ምን አሉ?» ይለኛል። በመጨረሻ ዶክተሯ አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ከቆየ ዘመን ጀምሮ የተሰበሰቡ የደረቁ እሬቶች ተዘርግተዋል። የሁለቱን አገዳ ፍሬ በአጉሊ መነጽር እያሳዩ ከአሮጌዎቹ ጋር አስተያዩልኝ። ለእኔ ሁሉም ድርቆሽ ነው።

«አንድ ናቸው» አሉ።

ምክራቸው አንድ ገጽ ነበር። ከኮረብታው ምንም አይነሣ። ከመቃብሩ ምንም አይነሣ። ከጥራጊው በዓመት መቶ ሃያ ይነሣ፤ ወደ ውጭ ለሚሄደው ለእያንዳንዱ ደግሞ አንድ ልጅ ኮረብታው ላይ ታጥሮ ይተከል። የመጨረሻዋን ስሰማ ልከራከር አሰብሁና ኮረብታው ላይ የሰማሁት ዜሮ ትዝ አለኝ። ፈረምሁ። ማኅተም የያዙትም ሰው ወረቀቱን አንብበው፣ የሚጨምሩት ስላጡ መቱት።

ጀርመን ያለው መሥሪያ ቤት የራሱን ዐዋቂዎች አማከረ። እነሱም ጥያቄ ላኩ፤ በየዓመቱ መጠረጉ በእርግጥ ልማድ ነው ወይ የሚል። ዶክተሯ መለሱ። ከዚያ የማስገቢያ ፈቃዱ መጣ፤ ጀርመናዊው ደንበኛዬም የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች እንዲህ ያለ የተጣራ ምክር ስምምነቱን ከፈረሙ አገሮችም ሁልጊዜ አይመጣልንም ብለዋል ሲል ጻፈልኝ። ደብዳቤውን ለወርቁ አነበብሁለት። ሰዓት መፍታቱን አቁሞ ደግመህ አንብብ አለኝ።

ዩሱፍ ተክሎቹን ሥራቸውን አጥቦ በባቡር ላከ፤ ኮረብታውም ላይ መቶ ሃያ ልጆች ተክሎ፣ ዙሪያውን በእሾህ አጥሮ፣ ሼኩ ራሳቸው መቁጠራቸውን ነገረኝ። የአትክልት ተራ ልጆች ቲማቲም በሚደረድሩበት እጅ በካርቶን አሽገው እስከ ቦሌ አደረሱልኝ። አንድም አልተመለሰም። ገንዘቡ በባንክ ገባ፣ ፈቃዴም ታደሰ። የዚያን ቀን ባንኮኒው ላይ ለቆመው ሁሉ ማኪያቶ ጋበዝሁ፤ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሳይቀሩ ጠጡ፣ ስሜንም በበጎ አነሡ።

ጉዞው ያስተማረኝ ይህ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ማኅተም ያለበትን በር ሳንኳኳ ኖርሁ። ለካ ከማኅተሙ በስተጀርባ ሌላ በር አለ፤ እዚያ የተቀመጠው ሰው የማይሸጥ ከሆነ የእሱ እሺታ በየትም አገር ገንዘብ ነው። ዶክተሯ ማሬን ቢቀበሉኝ ኖሮ ምክራቸውን ጀርመን ያለ ሰው ለምን ያምነው ነበር?

ገቢ ሦስት ሺህ አራት መቶ ብር። ወጪ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ስልሳ። ትርፍ ሁለት መቶ አርባ ብር።